አማቤልን ማን አስረጃት?

(በአንድ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በኋላ፣ በዚህ የታክሲ ሰልፍ ሰዓት፣ ስለ እንግሊዞች የድሮ ግጥም ለመስማት መምጣታችሁ ራሱ ያስመሰግናል። ወግ ሳላበዛ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የማነሣው አንድ አጭር ግጥም ነው። ስምንት አንጓ፣ 32 ስንኝ፤ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው እንኳ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ርእሱ «አማቤል» ይባላል፤ ገጣሚው ቶማስ ሃርዲ ነው። ከግጥሙ ግርጌ የሰፈረው ዓመት 1865 ሲሆን (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ) ያን ጊዜ ሃርዲ ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ስለ ረገፈ ውበት የሚያለቅስ ግጥም የ25 ዓመት ልጅ ሲጽፈው ትንሽ ፈገግ ያሰኛል፤ ገና ምን አይቶ ነው ያስብላል። እኔ ግን የግጥሙ ቁልፍ ያለው እዚያው ላይ ነው ባይ ነኝ።

ሃርዲን አብዛኞቻችሁ በልቦለዱ ነው የምታውቁት። ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ያጠና ሰው «ቴስ»ን ሳይነካካ አያልፍም። እሱ ግን ራሱን የሚያየው ከሁሉ በፊት እንደ ገጣሚ ነበር። በ1840 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት ውስጥ፣ ሃየር ቦካምፕተን በምትባል መንደር ተወለደ፤ አባቱ ግንበኛ ነበር። በ1862 ለንደን ገብቶ አርተር ብሎምፊልድ በተባለ አርክቴክት ቢሮ በረዳትነት ተቀጠረ። ቀን የአብያተ ክርስቲያናት ንድፍ ይሠራል፤ ማታ ኪራይ ቤቱ ተቀምጦ ግጥም ይጽፋል። ለመጽሔት አዘጋጆች ይልካል፤ አይቀበሉትም። «አማቤል»ም ከሌሎቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ተኛ። የታተመው ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ1898፣ «የዌሴክስ ግጥሞች» በተባለው የሃርዲ የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፍ ውስጥ ነው። ያኔ ገጣሚው 58 ዓመት ሆኖት፣ «ጁድ» በተባለው ልቦለዱ የተነሣበት ውግዘት አስመርሮት፣ ልቦለድ መጻፉን እርግፍ አድርጎ ትቶ ነበር።

የግጥሙ ታሪክ ይህ ነው። አንድ ሰው ከብዙ ጊዜ በኋላ የድሮ ፍቅረኛውን ያያታል። የት እንዳያት፣ ስንት ዘመን እንዳለፈ፣ ለምን እንደተለያዩ አይነግረንም። በቀጥታ ከመልኳ ይጀምራል፤ የፈረሰ ደም ግባቷን አየሁ፣ ወግና ልማድ ያጠበበውን አስተሳሰቧን አየሁ፣ «የኔ አማቤል እዚህ ውስጥ ትኖራለች?» ብዬም ጠየቅሁ ይላል። ቀሚሷን ያያል፤ ድሮ ጽጌረዳ የነበረው ዛሬ እንደ አፈር ቡናማ ሆኗል። እርምጃዋን ያያል፤ የአበባው ወር የግንቦት ሕይወት ጠፍቶበት የልማድ እርምጃ ብቻ ሆኗል። ሳቋን ይሰማል፤ ያ ድሮ የሚጣፍጠው ሳቅ አሁን አማቤልን ራሷን ያበላሽበታል። ከዚያ ሐሳብ ይገባዋል፤ እኔ የዘፈንኩትን ዜማ ዛሬ ማን እየዘፈነው ይሆን? ፍቅር ቢሞት እንኳ የአፍቃሪ ዘር አይጎድልም፤ በየመንደሩና በየሸለቆው ሁሉም አንዲት አማቤል አያጣም። ጨካኙ ጊዜ አማቤልን ስለገዛት ሰገነት ላይ ወጥቼ ማልቀስ አማረኝ ይላል። በመጨረሻም ይወስናል፤ ከእንግዲህ ለአማቤል የፍቅር ቃል አልናገርም፤ ለዕጣዋ እተዋታለሁ፤ «እስከ መጨረሻው መለከት ደኅና ሁኚ፣ አማቤል ሆይ!» ብዬ በአጥሩ በር ላይ አሻግሬ እወረውርላታለሁ።

አለቀ። እሷ አንዲት ቃል አልተናገረችም።

እንግሊዝኛውን አግኝታችሁ ጮክ ብላችሁ ብታነቡት መጀመሪያ ጆሯችሁ ላይ የሚቀረው ቤት መድፊያው ነው። እያንዳንዱ አንጓ አራት ስንኝ አለው፤ አራተኛው ስንኝ ሁልጊዜ በስሟ ይዘጋል፤ ሦስተኛው ስንኝ ደግሞ ሁልጊዜ ከስሟ ጋር ቤት ይመታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንጓ እስከ ስምንተኛው «ኤል… ኤል… ኤል» የሚል ድምፅ ይደጋገማል። ድምፁ ምን እንደሆነ ገጣሚው ራሱ በሁለተኛው አንጓ ይነግረናል፤ የቀሚሷ ለውጥ እንደ አማቤል የመርዶ ደወል ነበር ይላል። በእንግሊዝ ገጠር ሰው ሲሞት የደብሩ ደወል ይደወል ነበር። ሃርዲ ያደገው አባቱም አያቱም በስቲንስፎርድ ቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ላይ ማሲንቆ መሰል የክር መሣሪያ፣ ቫዮሊንና ቼሎ፣ ሲጫወቱ በኖሩበት ቤተሰብ ውስጥ ነውና ለደወል ሩቅ አልነበረም። ሴትዮዋ በሕይወት አለች፤ ትራመዳለች፤ ትስቃለች። ቤት መድፊያው ግን ስምንት ጊዜ ደውሎ ይቀብራታል።

ከስሟ በፊት የሚመጡትን ቃላት ደግሞ አንድ በአንድ ተከተሏቸው። በመጀመሪያው አንጓ «የኔ አማቤል» ነች። በአራተኛው «የሱ አማቤል» ትሆናለች፤ የማናውቀው የሌላ ጎረምሳ። በአምስተኛው «አንዲት አማቤል» ብቻ፤ በየሸለቆው የምትገኝ፣ ብትጠፋ በሌላ የምትተካ። በስድስተኛው ጊዜ የገዛት ትሆናለች። በመጨረሻው «አማቤል ሆይ» ተብላ በሩቅ ትጠራለች። በዚህ መሃል ተራኪው ጉንጩ ላይ እንባ እንኳ አልወረደም። ልብ ብላችሁ ከሆነ ሰገነት ላይ ወጥቼ አለቀስሁ አላለም፤ ማልቀስ አማረኝ ነው ያለው። አምስተኛው አንጓ ላይ ያለው ቅዝቃዜ የዘመኑ መሆኑንም ማስታወስ ደግ ነው። ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈው መጽሐፍ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ሃርዲም ያን መጽሐፍ ቀድመው በደስታ ከተቀበሉት ወጣቶች አንዱ ነኝ ይል ነበር። አንዲቱ ትጠወልጋለች፤ ዘሩ ይቀጥላል።

አሁን ዋናው ጥያቄዬ ላይ ልድረስ። አማቤልን ማን አስረጃት? ግጥሙን እንዳለ የተቀበለ አንባቢ «ጊዜ» ብሎ ይመልሳል። ተራኪው ራሱ ጊዜን አምባገነን ብሎ ከስሶታልና። ወደ ሁለተኛው ስንኝ ተመለሱ ግን። ሰውዬው ከመልኳ ቀጥሎ ያየው አስተሳሰቧን ነው፤ ያ አስተሳሰብ የጠበበው ደግሞ በዕድሜ አይደለም፣ በወግና በልማድ ነው። ሁለት ተከሳሾች አሉ ማለት ነው። አንደኛው በሁለተኛው ስንኝ ስሙ ተጠርቶ ከዚያ በኋላ ጨርሶ ይረሳል፤ ሌላው በስድስተኛው አንጓ በጩኸት ይወገዛል።

ይህ መርሳት ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። በ1865 በእንግሊዝ አገር ለሴት ዲግሪ የሚሰጥ አንድም ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ ለንደን ዩኒቨርሲቲ የፈቀደው በ1878 ነው። ያገባች ሴት ሠርታ ያገኘችውን ገንዘብ እንኳ ሕጉ የባሏ ያደርገው ነበር፤ የ1870 እና የ1882 ሕጎች ገና አልወጡም። አማቤል አግብታ እንደሆን ግጥሙ አይነግረንም። ግን አስተሳሰቧ ለምን ጠበበ፣ እርምጃዋስ ለምን ሕይወት አጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከሰዓት ላይ ብቻ አያገኘውም። ተራኪው ጥያቄውን ጀምሮት ነበር፤ ሳይጨርስ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ጊዜን መክሰስ ይቀላል፤ ጊዜ ችሎት አይቀርብም።

ስለ ቀሚሱም ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በኋላ ወደ ቀሚስ እንመለሳለን። በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት ተማሪ ለንደን ውስጥ በድንገት ሐምራዊ ቀለም ከከሰል ቅጥራን ካገኘ በኋላ በፋብሪካ የተሠሩ ደማቅ ቀለሞች ተከታትለው ወጡ፤ ሃርዲ ለንደን በገባበት ዘመን የሴቶቹ ልብስ በቀለም ያበደ ነበር። «ድሮ ጽጌረዳ፣ አሁን አፈር» የሚለውን ታዲያ በሁለት መንገድ ማንበብ ይቻላል። ወይ ያው ቀሚስ ነው፣ ፀሐይና እጥበት ቀለሙን በልተውታል፤ ወይ ሴትዮዋ በዕድሜዋ የሚገባትን ጨለም ያለ ልብስ መርጣለች። የመጀመሪያው ከሆነ ድህነት አለ። ሁለተኛው ከሆነ ያው «ወግ» ተመልሶ መጣ። ተራኪው የቱ እንደሆነ አልጠየቀም። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ግን የምምልበት አይደለም።

እነሆ ደግሞ ከሁሉ የሚገርመኝ። ግጥሙ ውስጥ የሷ መልክ አለ፣ ቀሚስ አለ፣ እርምጃ አለ፣ ሳቅ አለ። የሱስ? ስለ ተራኪው መልክ አንድ ቃል የለም። ጸጉሩ ሳስቶ ይሁን፣ ጎብጦ ይሁን፣ የሱ አስተሳሰብ ጠብቦ ይሁን አናውቅም። በሠላሳ ሁለት ስንኝ ውስጥ የሚያይ እሱ ነው፣ የምትታይ እሷ ነች። ያ በሦስተኛው አንጓ ያለው ሳቋስ? ለምን ሳቀች? ስላየችው ደስ ብሏት ይሆናል፤ ከጎረቤት ጋር እያወራች ይሆናል። እኔ በበኩሌ በሱ ላይ ስቃ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ግጥሙ ስለማን ነው የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል፤ እኔ ገጣሚን በሰው ስም ማሳደድ ብዙም አይጥመኝም። አንድ ታሪክ ግን ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ሃርዲ ልጅ ሳለ የመንደሩ ባለርስት ሚስት፣ ወይዘሮ ጁሊያ ኦገስታ ማርቲን፣ ልጅ አልነበራቸውምና ትንሹን ቶማስን እንደ ልጃቸው ወደዱት፤ ፊደል አስተማሩት፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። እሱም በልጅ ልቡ አፈቀራቸው። ከዚያ እናቱ ወደ ዶርቸስተር ትምህርት ቤት አዛወረችው፤ ተለያዩ። አንድ ጊዜ በመኸር እራት ግብዣ ላይ ድንገት ሲገናኙ ወይዘሮዋ «ቶሚ፣ ምነው? የተውከኝ መስሎኝ ነበር» አሉት። ልጁ እያለቀሰ አልተዉኩዎትም፣ መቼም አልተውዎትም አለ።

በ1862 ለንደን እንደገባ ሊጠይቃቸው ሄደ። በሩን የከፈተለት ያው የድሮው የቤት አሳላፊ ነበር፤ መልኩ ብዙም አልተለወጠም። ወይዘሮዋ ግን ተለውጠው ነበር። እሳቸውም ያ ጉንጨ ቀይ ሕፃን ሙሉ ጎልማሳ ሆኖ ፊታቸው ሲቆም አፈሩ። ይህን ሁሉ የምናውቀው ሃርዲ በሽምግልናው ራሱ ጽፎ፣ ከሞተ በኋላ በሁለተኛ ሚስቱ ስም ከታተመው የሕይወት ታሪኩ ነው። ግጥሙ «ስለ እሳቸው ነው» የሚሉ አሉ፤ «እንደኛ ያለ ፍቅር» የሚለው ስንኝ ግን ለሕፃንና ለእመቤት አይገጥምም። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነው። ያ አሳላፊ! ጊዜ አምባገነን ከሆነ አሳላፊውንም መግዛት ነበረበት። ወጣቱ ሃርዲ አሳላፊውን ሲያይ ያልተለወጠ ሰው አየ፣ እመቤቲቱን ሲያይ ግን የፈረሰ ሕልም። ልዩነቱ ማንን ምን ብሎ ሲያስታውስ እንደኖረ ነው። አሳላፊውን በሐሳቡ አሳምሮት አያውቅም፤ ስለዚህ አላረጀበትም።

እንግዲህ የኔ መልስ ይህ ነው። አማቤልን ያስረጃት ትዝታው ነው። አጥሩ በር ላይ የቆመችውን ሴት የምትወዳደራት ሌላ ወጣት አይደለችም፤ የሰውዬው ጭንቅላት ውስጥ ያለችው፣ ጽጌረዳ ቀሚስ የለበሰችው አማቤል ነች። ያቺ አትራብም፣ አትደክምም፣ ቀሚሷ አይታጠብም። በሕይወት ያለች ሴት ከያቺ ጋር ተወዳድራ የምታሸንፍበት መንገድ የለም።

ይህን በሴት ዓይን የጻፈችው እንግሊዛዊቷ ገጣሚ ክርስቲና ሮሴቲ ናት፤ ያውም ከሃርዲ ቀድማ። «በሠዓሊው ክፍል ውስጥ» የሚለው ባለ 14 ስንኝ ግጥሟ በ1856 ተጽፎ በ1896፣ ከሞተች በኋላ ታተመ። ሠዓሊው ወንድሟ ዳንቴ ገብርኤል፣ ሞዴሏም ኤልሳቤጥ ሲዳል እንደሆኑ ይታመናል። ከየሸራው አንዲት ፊት ብቻ ትመለከታለች፤ ሠዓሊው ቀንና ሌሊት በዚያች ፊት ይመገባል፤ እሷ ግን ዛሬ እንዳለችው ሳይሆን ሕልሙን እንደሞላችው ነው የተሣለችው። የሃርዲ ተራኪ የሴትየዋን መርገፍ አይቶ ጥሏት ይሄዳል፤ የሮሴቲ ሠዓሊ መርገፏን ጨርሶ አላየም። ለሴትየዋ የቱ ይሻላል? እኔ አላውቅም፤ ሁለቱም እሷን አላዩም።

ወደ 1898ቱ መጽሐፍ እንመለስ። ሃርዲ በመጽሐፉ ያሉትን ሥዕሎች የሣለው በገዛ እጁ ነው፤ ለ«አማቤል» የሣለው የአሸዋ ሰዓት ነው። ግጥሙን ያስቀመጠው ከመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ፣ ሁለተኛ አድርጎ ነው። የመጽሐፉ መዝጊያ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «መስተዋቴን አየዋለሁ» የሚል ባለ 12 ስንኝ ግጥም። መስተዋቱን አየዋለሁ፣ የሚከሳውን ቆዳዬን አያለሁ፣ ምነው ልቤም አብሮ እንዲህ በሳሳ ኖሮ እላለሁ ይላል። ልቡ ቢሳሳለት ሌሎች ሲቀዘቅዙበት አይከፋውም ነበር፤ ተረጋግቶ የመጨረሻ ዕረፍቱን ይጠብቅ ነበር። ጊዜ ግን ሊያሳዝነው ሲል ግማሹን ይሰርቃል፣ ግማሹን ይተዋል፤ የማታውን ደካማ ገላ በቀትር የልብ ምት ያንቀጠቅጠዋል።

በመጽሐፉ መጀመሪያ የሴት መልክ የሚቆጥረው ወጣት፣ በመጽሐፉ መጨረሻ የራሱን ቆዳ ይቆጥራል። በ«አማቤል» ውስጥ የጎደለው የተራኪ መልክ ከ33 ዓመት በኋላ እዚህ ተገኘ። ያን ጊዜ መልክ ሲረግፍ ሴትየዋም አብራ ያለቀች መስሎት ነበር፤ «እዚህ ውስጥ ትኖራለች?» ያለው ለዚህ ነው። የአርክቴክት ጥያቄ ነው ብትሉም ያስኬዳል፤ ፍርስራሽ አይቶ ሰው ይኖርበታል ወይ ማለት። አሁን በራሱ ሲደርስ ግን ግድግዳው ቢፈርስም ነዋሪው ቤቱን እንደማይለቅ አወቀ፤ ስቃዩም ያ ነው። አማቤልም ከዚያ ከአፈርማ ቀሚስ ውስጥ የቀትር የልብ ምት ይኖራት እንደነበር ያኔ አልመጣለትም። ሃርዲ ሁለቱን ግጥሞች በመጽሐፉ ሁለት ጫፍ ሲያስቀምጥ ይህን አስቦ ነው ብዬ ማስረጃ ላቀርብ አልችልም፤ እንዲያ አድርጎ ማንበብ ግን መጽሐፉን ያበለጽገዋል።

በ1909 በታተመ መጽሐፉ ደግሞ «የቀድሞ ቆንጆዎች» የሚል ግጥም አለ። በካስተርብሪጅ ገበያ፣ ማለትም በዶርቸስተር፣ ከንፈራቸው የሳሳ ጎልማሳ ሴቶች ሸቀጣቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። በፍሩም ወንዝ ዳር በበጋ እሑዶች የማልንላቸው ሮዝ ልብስ የለበሱ ልጃገረዶች እነዚህ ናቸው? በጨረቃ አብረን የጨፈርንባቸውን ዜማዎች ያስታውሳሉ? ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ያስገርማል፤ ረስተውት መሆን አለበት፣ የነበሩትን ቢያውቁማ ትዝታ ፊታቸውን ለውጦ ሁልጊዜ ቆንጆ ያደርጋቸው ነበር ይላል። ይህ ከ«አማቤል» ብዙ የራቀ ልብ ነው፤ ትዝታ እዚህ ሴትን አይገድልም፣ ያበራታል። ግን አሁንም አንድ ነገር ያስቆጣኛል። ረስተውታል ብሎ ማን ነገረው? አልጠየቃቸውም እኮ! ገበያ የዋለ ሰው ያውቃል፤ ሴትዮዋ ቅቤ እየመዘነች ሃያ ነገር ታስታውሳለች፤ ለደንበኛ ፊቷ ላይ አትለጥፈውም።

አሁን ኤማ ላይ ደረስን፤ እሷ ከሌለች ይህ ንግግር ግማሽ ነው።

በመጋቢት 1870 ሃርዲ ሊታደስ የታሰበ ቤተ ክርስቲያን ለመለካት ኮርንዎል ውስጥ ሴንት ጁሊየት ወደምትባል ሩቅ ደብር ሄደ። በሩን የከፈተችለት የቄሱ ሚስት እህት ኤማ ጊፎርድ ነበረች። በማስታወሻው ያሰፈረው አጭር ነው፤ ቡናማ የለበሰች ወጣት ሴት ተቀበለችኝ። በ1874 ተጋቡ። ትዳሩ መጀመሪያ ሞቅ ያለ፣ በኋላ እየቀዘቀዘ የሄደ ነበር፤ በመጨረሻ ዓመታቷ ኤማ ማክስ ጌት በተባለው ቤታቸው ከጣሪያው ሥር ባሉ ክፍሎች ለብቻዋ ትኖር ነበር። ኅዳር 27 ቀን 1912 ሞተች። ሃርዲ 72 ዓመቱ ነበር፤ እሷም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ የሆነው የእንግሊዝኛ ግጥም ታሪክ ከሚያውቃቸው እንግዳ ነገሮች አንዱ ነው። ለዓመታት ብዙም ያላነጋገራት ባል በሐዘን ተመታ፤ በመጋቢት 1913 ኮርንዎል ተመልሶ የድሮ መንገዳቸውን በእግሩ ተከተለ፤ ከጠረጴዛው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያም መጀመሪያ ባያት ቀን ላይ፣ ሰኞ መጋቢት 7 ላይ፣ አቆመው። ግጥሞቹ «የ1912–13 ግጥሞች» በሚል ርእስ በ1914 ወጡ።

ከነዚያ ውስጥ «ድምፁ» የሚለውን ከ«አማቤል» ጎን አስቀምጡት። የናፈቀችው ሴት ትጠራዋለች፤ ሁሉ ነገርህ ከነበርኩት ሴት ተለውጬ ኋላ እንደሆንኩት አይደለሁም፣ እንደ መጀመሪያው ነኝ ትለዋለች። እሱም እስቲ ልይሽ ይላታል፤ ከከተማው ዳር ስትጠብቂኝ እንደቆምሽው ልይሽ፣ ያው የመጀመሪያው ሰማያዊ ቀሚስሽ ሳይቀር! የ25 ዓመቱ ሰው ቀሚስ አይቶ ሸሸ፤ የ72 ዓመቱ ሰው ቀሚስ አሳዩኝ ብሎ ይማጠናል። «አማቤል» የሚያልቀው ወንዱ በአጥር ላይ ሲጣራ ነው፤ «ድምፁ» የሚያልቀው ነፋስ በእሾህ ቁጥቋጦ መሃል እየሾለከ፣ ሴትየዋ እየተጣራች ነው። እዚያ ዝም ያለችው እዚህ ተናገረች።

ለብዙ አንባቢ ታሪኩ እዚህ ላይ በደስታ ይዘጋል፤ ገጣሚው በሽምግልናው ተማረ፣ ተጸጸተ፣ ተባለ። እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቀውም። «ድምፁ»ን እንደገና አንብቡት። የምትመለሰው የትኛዋ ኤማ ናት? የ1870ዋ። ከጣሪያ ሥር የነበረችው የ72 ዓመት ኤማ አሁንም አልተጋበዘችም፤ «ተለውጬ» በሚል ቃል በግማሽ ስንኝ ታለፈች። የተለወጠችው እሷ ብቻ እንደሆነች፣ እሱ እንዳልተለወጠ! ማስታወሻው መጀመሪያ ያያት ቀን ቡናማ ለብሳ ነበር ይላል። ሰማያዊው የሌላ ቀን ልብስ ይሆናል፤ በከተማው ዳር የጠበቀችው ሌላ ጊዜ ነው። ግን ትዝታው ከሁለቱ ሰማያዊውን መረጠ። ቡናማ በ«አማቤል» የሞት ቀለም ነበር፤ በሕይወቱ ግን ፍቅሩ በሩን የከፈተለት በቡናማ ቀሚስ ነው። «ድምፁ» እኔ ከማውቃቸው የሃቀኛ ሐዘን ግጥሞች ሁሉ ይበልጥብኛል፤ ትዝታው ግን ያው የ1865ቱ ትዝታ ነው፤ ያቺን የድሮዋን ብቻ ነው የሚፈልገው።

አማቤል የምትናገረው ቢኖር ምን ትል ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ከግጥሙ ውስጥ አይገኝም። ከኤማ ዘንድ ግን አንድ ነገር አለን። ከሞተች በኋላ ሃርዲ ከወረቀቶቿ መሃል የልጅነትና የወጣትነት ትዝታዋን የጻፈችበትን ደብተር አገኘ፤ በጥር 1911 ያጠናቀቀችው ነው፤ የ70 ዓመት ሴት፣ ከጣሪያው ሥር፣ ከባሏ ጋር ተራርቃ። እዚያ ውስጥ ስለዚያ የመጋቢት ምሽት ጽፋለች። እንግዳው ጺማም ነበር፣ ከላይ የደረበው ካፖርት ያለቀ ነበር፣ ሁኔታውም የነጋዴ ይመስል ነበር፤ ከኪሱ ሰማያዊ ወረቀት ብቅ ብሎ ይታይ ነበር፣ የሕንፃ ንድፍ መስሏት ግጥም ሆኖ ተገኘ። ከዕድሜው በጣም ያረጀ መስሎኝ ነበር ትላለች፤ ያኔ ሃርዲ 29 ዓመቱ ነበር። ቀጥላም በኋላ ሳየው ወጣት መስሎ ታየኝ፣ በቀን ብርሃን ደግሞ ይበልጡን ብላ ጽፋለች።